«ስንት ጊዜ ይበቃታል?»፦ ስለ ተራዘመ የሥነ ልቡና ሕክምና ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ከሚገኝ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር ተቀምጠን ሒሳብ ስንመረምር፣ የጉባኤው ሒሳብ ሹም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዲት መስመር በጣታቸው አመለከቱኝ። መስመሯ ከዐረብ ሀገር ተመልሳ በአጥቢያው የምትኖር አንዲት እኅት፣ ወደ ዞኑ ከተማ እየሄደች ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር እንድትነጋገር የሚሰጣትን የመጓጓዣ ገንዘብ የምታሳይ ነበረች። «ዲያቆን፣ ይህች ልጅ ከጥቅምት ጀምሮ ትመላለሳለች። መርፌ አልተወጋች፣ ኪኒን አልታዘዘላት፤ ያለው ነገር ወሬ ብቻ ነው። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይበቃታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሰውየው ክፉ አይደሉም። የደብሩን ገንዘብ ሳንቲም በሳንቲም ሲጠብቁ የኖሩ፣ ለራሳቸው ሻይ እንኳ ከጉባኤው ሒሳብ የማያስከፍሉ አባት ናቸው። ጥያቄያቸውም የተገባ ነበር። እኔ ግን የሰጠኋቸው መልስ «እስኪሻላት ድረስ ነው» የሚል አጭርና ስንፍና ያለበት መልስ ነበር። በመንገድ ስመለስ ራሴን ወቀስሁ። ይህ ጽሑፍ በዚያች ቀን ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው፤ ተመሳሳይ መስመር በመዝገባቸው ላይ ለሚያገኙ ሌሎች ጉባኤያትና አባቶችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሜ አንድ በደሌን ልናገር። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት፣ የምክር አገልግሎት የሚሰጣቸው ሰዎች የሚመዘገቡበትን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በቅጹ ላይ ስድስት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ከመጣ ሳጥኖቹ ይሞሉና በመጨረሻው ዓምድ «የተጠናቀቀ» ተብሎ ይጻፍለታል። ስድስት የሆነበት ምክንያት ከሕክምና የመጣ አልነበረም፤ በገጹ ላይ የሚበቃው ያን ያህል ስለ ነበረ፣ ሩብ ዓመቱም ከዚያ በላይ ስለማያስኬድ ነው። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ከ«ተጠናቀቁት» መካከል አንዳንዶቹን ከዓመት በኋላ በገበያም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ሳገኛቸው ግን ምናቸው እንደ ተጠናቀቀ መናገር አልችልም ነበር።

ሕክምናው ምንድን ነው?

የሥነ ልቡና ሕክምና ስንል በሠለጠነ ባለሙያና በታካሚ መካከል፣ በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ቦታ፣ በንግግር የሚካሄድ ሕክምና ማለታችን ነው። ዐይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንታት አንድን የታወቀ ችግር፣ ለምሳሌ በሰው ፊት የመናገር ፍርሃትን ወይም እንቅልፍ ማጣትን፣ ለይቶ የሚያክም ነው። ጠቃሚ ሕክምና ነው፤ ብዙ ሰውም ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ሌላው ግን አንድን ምልክት ከማስወገድ አልፎ ሰውየው ከራሱና ከሰው ጋር የሚኖርበትን መንገድ ከሥሩ ይመለከታል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለ50 ደቂቃ ያህል፣ ከዓመት እስከ ብዙ ዓመታት ይዘልቃል። ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ «የተራዘመ» የሚሉት ቢያንስ አንድ ዓመት ወይም 50 ግንኙነት የፈጀውን ነው። የዛሬው ነገራችን ስለዚህኛው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በቪየና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 ዮሴፍ ብሮየር የተባለ ሐኪም፣ አባቷን ስታስታምም ራሷ የታመመች አንዲት ወጣት ያክም ነበር። እጇ ይዝላል፣ ማየትና መናገር ይቸግራታል፤ በአካሏ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆን ነገር አልተገኘም። ሐኪሙ ተቀምጦ ሲሰማት ይቀልላት ነበር። አካሄዱን «የንግግር ፈውስ» ብላ የሰየመችው ታካሚዋ ራሷ ናት፤ ስትቀልድም የጢስ መውጫ መጥረግ ትለው ነበር። ብሮየርና ባልደረባው ሲግመንድ ፍሮይድ ስሟን ለውጠው ታሪኳን እ.ኤ.አ. በ1895 በመጽሐፍ አወጡት።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል። ሕክምናው በ1882 ሲቆም ወጣቷ አልዳነችም ነበር፤ ከዚያም በኋላ በማገገሚያ ተቋም ቆይታለች። በርታ ፓፐንሃይም የምትባለው ይህች ሴት ከዓመታት በኋላ ግን በጀርመን ሀገር ከታወቁ የበጎ አድራጎት ሰዎች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1904 የአይሁድ ሴቶች ማኅበርን መሠረተች፤ ለአደጋ ለተጋለጡ ልጃገረዶችና ላላገቡ እናቶችም መጠለያ አቋቋመች። ይህን ሁሉ የንግግሩ ሕክምና አመጣው ለማለት አልደፍርም። የማስተውለው በ1882 ስለ እርስዋ የተሞላ ቅጽ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ትንሽ ነገር ይነግረን እንደ ነበረ ነው።

ለምን ይረዝማል?

ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር መማር የሚጀምረው አፉን ከመፍታቱ በፊት ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዑጋንዳ፣ ከካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ የ26 ቤተሰቦችን ቤት እየተመላለሰች ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ተመልክታ ነበር፤ መጽሐፏ በ1967 ታተመ። በእናቱ የተማመነ ሕፃን ከእርስዋ ራቅ ብሎ ለመጫወት ይደፍራል፤ ያልተማመነው ግን በእቅፏ ሆኖም ያለቅሳል። ይህ መተማመን ወይም አለመተማመን የሚሠራው በአንድ ቀን ነገር አይደለም። በየዕለቱ በሚደጋገም መምጣትና መቅረት፣ ሲያለቅስ በመነሣት ወይም በመተው ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሆኖ «ሰውን እመን» የሚል ምክር የተሰጠው ሰው ምክሩን ይሰማል፤ ልቡ ግን ሌላ ትምህርት ተምሯል። ያንን ትምህርት የሚያድሰው እንደ ቀድሞው ሁሉ የሚደጋገም ነገር ነው፦ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ያው ወንበር፣ ሳያቋርጥ።

እኛ የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ለመረዳት ልንቸገር አይገባም። ድጓ ለማስመስከር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናውቃለን። ቅኔ ቤት የገባን ልጅ በሦስተኛው ወር «እስካሁን ምን ተቀኘህ?» ብሎ የሚያባርር መምህር አላየሁም።

የሌላውን ሰው ምስጢር እንድተርክ ማንም ፈቃድ ስላልሰጠኝ የራሴን እናገራለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ቤት ወጥቼ የሁለት ቀን መንገድ ርቄ የቆሎ ተማሪ ሆንሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ተምሬአለሁ። ይህን የምናገረው የአብነት ትምህርት ቤቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ታሪኩንም ከሰው ጋር ማዕድ በቀረብሁ ቁጥር አወራው ነበር፤ ውሻ እንዴት እንዳሳደደኝ፣ ከአጥር ላይ ስዘል ደበሎዬ ተይዞ እንዴት እንደ ቀረ። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

ካደግሁ በኋላ፣ ዲፕሎማዬንም ይዤ ሥራ ከያዝሁ በኋላ፣ አንድ ጠባይ ይዞኝ ነበር። ከሰው አንድ ነገር ጠይቄ የዘገየብኝ እንደሆነ ሁለተኛ አልጠይቅም። ብቻዬን እሠራዋለሁ፤ ከዚያም ለሳምንታት ፊቴ ይጠቁራል። በቢሮም በቤትም እንዲሁ ነበር። ባለቤቴ ጥፋቷን ሳታውቅ ይቅርታ የጠየቀችኝ ጊዜ ብዙ ነው። ለንስሐ አባቴ በየዓመቱ ስለ ቁጣዬ እናዘዛለሁ፣ ቀኖናዬንም እፈጽማለሁ፤ በዓመቱ ያንኑ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን እኒያ አባት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ነገር ሰባት ዓመት ነገርኸኝ። ቁጣው ኃጢአት ነው፤ ለእርሱ እኔ አለሁ። ከሥሩ ያለው ግን ኃጢአት አይመስለኝም፤ ቁስል ነው። ቁስል የሚያይ ሰው ፈልግ።»

እንግዲህ ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ የላከኝ የንስሐ አባቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወደምትሠራ አንዲት ባለሙያ ለሁለት ዓመት ተኩል ተመላለስሁ፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ ገንዘቡ ሲከብደኝ በየ15 ቀኑ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ስብከት ሰበክሁላቸው ማለት ይቻላል። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ አባቶች ተጋድሎ እናገራለሁ፤ እርሳቸው ይሰማሉ። በአራተኛው ወር ገደማ የውሻውን ታሪክ አወራሁላቸው። ሳቁን ጠብቄ ነበር። «ዲያቆን፣ ስለ ልጅነትዎ ሲነግሩኝ ሁልጊዜ ይስቃሉ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ተቆጣሁ። ቀጥሎ የነበሩትን ሁለት ቀጠሮዎች የመስክ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ስመለስ እንደሚገሥጹኝ፣ ወይም ቦታዬን ለሌላ እንደ ሰጡብኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ የመከላከያ ንግግሬን አዘጋጅቼ ገባሁ። በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት ተቀምጠው ነበር። መቅረቴን አልሸፋፈኑትም፣ አልተቆጡበትምም፤ «ሳይመጡ በቀሩበት ሰዓት ምን ሲያስቡ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በጥልቁ ሕክምና ውስጥ ዋናው ሥራ የሚሠራው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው። ታካሚው ከድሮ የለመደውን ፍርሃትና ጥርጣሬ ሳያውቀው በባለሙያው ላይ ያሳርፋል፤ እንደ አባቱ፣ እንደ መምህሩ፣ በሩን እንደ ዘጋበት ሰው ያየዋል። ባለሙያውም በዚህ አይቀየምም። ነገሩን በሁለቱ መካከል አስቀምጦ አብረው ይመለከቱታል። ስለ ቁስል መናገር አንድ ነገር ነው፤ ቁስሉ በክፍሉ ውስጥ ሲነካ ማየት ሌላ ነው። ይህ ደግሞ በስድስት ሳጥን ውስጥ አይገባም። እኔ በስድስተኛው ቀጠሮ ገና ስለ ትዕግሥት እየሰበክሁ ነበር።

ከዓመት በኋላ በአንድ የክረምት ቀን ደረስሁ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። የቀጠሮዬ ሰዓት ደርሷል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ማንኳኳት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እጄን አንሥቼ ማንኳኳት አቃተኝ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነኝ፣ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው፣ በተዘጋ በር ፊት ቆሜ እስኪከፈትልኝ ድረስ በሰብኩ። ባለሙያዋ ከፍተው ሲያዩኝ ደንግጠው «ለምን አላንኳኩም?» አሉኝ። በዚያ ቀን ስለ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ሳልስቅ ተናገርሁ። ሁለተኛ የማልጠይቀው ለምን እንደ ሆነም ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁ፤ በዚያ ሀገር ሁለተኛ መጠየቅ ውሻ ያስለቅቅ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ለፋሲካ ወደ እናቴ ዘንድ ስሄድ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሄድሁ ጊዜ ምን እንደ ተሰማት ጠየቅኋት። «እስከ ፍልሰታ ድረስ ድርሻህን በመሶቡ ውስጥ አስቀር ነበር፤ ማታ አባትህ አንሥቶ ለከብት ጠባቂው ይሰጠዋል» አለችኝ። ይህን ያህል ነው ያለችኝ።

ምን ተለወጠ? አሁን ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ እችላለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የፕሮጀክት ሠራተኛ ሥራው መጠየቅና እንደ ገና መጠየቅ ነው። ቁጣው ዛሬም ይመጣል። ሲመጣ ግን ከየት እንደ መጣ ስለማውቀው፣ ባለቤቴ የእርሱን ዕዳ አትከፍልም።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

የአንድ ሰው ምስክርነት ለጉባኤ ውሳኔ አይበቃም። በለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በጥናቱ የተሳተፉት 129 ሰዎች ለረጅም ጊዜ በድብርት የተያዙ፣ ቢያንስ ሁለት ዐይነት ሕክምና ተሞክሮላቸው ያልተሻላቸው ናቸው። በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ክፍል የተለመደውን ሕክምና ብቻ፣ ሁለተኛው ክፍል ከዚያ ጋር በየሳምንቱ ለ18 ወራት ጥልቅ የንግግር ሕክምና አገኘ።

ሕክምናው ባበቃበት ቀን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ብዙም አልነበረም። በከፊል የዳኑት በአንደኛው 23.9 በመቶ፣ በሁለተኛው 32.1 በመቶ ነበሩ፤ ይህ በአጋጣሚም ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው። ያ ፕሮጀክት በ18ኛው ወር ተገምግሞ ቢሆን ኖሮ «ለውጥ አላመጣም» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጠበቁ። በ42ኛው ወር በንግግር ሕክምናው ካለፉት 30 በመቶው፣ ካላገኙት ግን 4.4 በመቶው ብቻ በከፊል እንደ ዳኑ ተገኙ። ፍሬው የታየው ዘሪው ከእርሻው ከወጣ በኋላ ነው።

ነገሩን አላጋንነውም። በዚያ በ42ኛው ወር ፍጹም የዳኑት በሕክምናው ካለፉትም መካከል 14.9 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ችግራቸው ሥር የሰደደ ሰዎች ስለ ነበሩ ይህ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጽሑፍ 23 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ የተራዘመው ሕክምና ለተወሳሰበ ችግር ከአጭሩ እንደሚበልጥ ጽፏል፤ የአሠራር ስሌቱን የተቹ ምሁራን ግን አልጠፉም። እንግዲህ ማስረጃው ጥሩ ነው፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ለሰበካ ጉባኤ ዋናው ቁም ነገር ግን የልኬቱ ጊዜ ነው፦ በተሳሳተ ወር የተለካ ሥራ እንዳልሠራ ይቈጠራል።

የንስሐ አባትና የሥነ ልቡና ባለሙያ

ከካህናት አባቶች ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «እኛ እያለን ይህ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሐሳብን ለአባት መግለጥ አዲስ ነገር አይደለም። በገዳመ አስቄጥስ የነበሩ ወጣኒያን የልባቸውን አሳብ፣ ኃጢአት የሆነውን ብቻ ሳይሆን ገና ሽው ሲል ያለውን ጭምር፣ ለአረጋዊ አባት ይነግሩ ነበር። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ከመጻሕፍተ መነኮሳት መምህር እግር ሥር የተማሩ አባቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ያ ሥርዐት የሚጠይቀውም ጊዜን ነው፤ አንድ አባት፣ ብዙ ዓመት።

ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ካህኑ የመፍታት ሥልጣን አለው፤ ባለሙያው የለውም፤ ሊኖረውም አይፈልግም። ካህኑ ኃጢአትን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ ባለሙያው ቀኖና አይሰጥም፤ ምክር እንኳ በጥቂቱ ነው የሚሰጠው። አንድ የንስሐ አባት ስንት ቤተሰብ እንደሚጠብቅ እናውቃለን፤ ለአንዱ ልጅ በየሳምንቱ 50 ደቂቃ ለሁለት ዓመት ይስጥ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ከሁሉ በላይ፣ ሰው የተበደለበትን እንደ በደለ አድርጎ የሚናዘዝበት ጊዜ አለ። በባዕድ ቤት የተደፈረች እኅት «ኃጢአቴን» እያለች ስትናገር የሰማ ካህን ያውቀዋል። ለእርስዋ ቀኖና መስጠት ቁስሏ ላይ ጨው መነስነስ ነው። የእኔ አባት ያደረጉት እነዚህን ሁለቱን መለየት ነበር።

ፍሮይድ ሃይማኖትን እንደ ሕልም የቈጠረ ሰው እንደ ነበረ እየጠቀሱ የሚሠጉ አሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በዚህ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ ጽፏል። እኔም በዚያ አሳቡ አልስማማም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ የሕሙማን ማረፊያ ሲያቋቁም ግን የሕክምናውን ጥበብ ከአሕዛብ ሊቃውንት መጽሐፍ የመጣ ነው ብሎ አልጣለውም። ታካሚው ባለሙያውን ስለ እምነቱ መጠየቅ ይችላል፤ እምነቱን የሚያንቋሽሽበት ቢሆን መተው መብቱ ነው። የእኔይቱ ባለሙያ በየትኛው ሃይማኖት እንዳሉ እስካሁን አላውቅም።

ሌላው ሥጋት «ሰው ስለ ራሱ ብቻ እያወራ ዓመት ከፈጀ ራስ ወዳድ ይሆናል» የሚለው ነው። ይህን እኔም ፈርቼው ነበር። ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የተቀበረው ነገር ነው ሰውን በራሱ ላይ ጠምዶ የሚይዘው። ብዙዎቻችን ሆዳችን ሊፈጀው ያልቻለውን ነገር ለልጆቻችን እያወረስን ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

የንግግር ሕክምና ለሁሉም ነገር አይሆንም። ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት የማይተኛና ንግግሩ የተመሰቃቀለበት፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በቅድሚያ ሐኪም ይየው፤ ለዚህ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በክልል ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። መድኃኒት ተጀምሮለት ወደ ጠበል የመጣን ሰው መድኃኒቱን ጣል አንበለው፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይውሰድ። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ከተገኘ ነገሩ የዚያው ቀን ጉዳይ ነው፤ ብቻውን አይተው፣ ቀጠሮም አይጠበቅለት፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ ባለሙያ አይደለም። ትምህርቱንና የሥራ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለበትም። ከታካሚው ጋር ንግድ የሚጀምር፣ በግል ጉዳይ የሚቀራረብ፣ ምስጢር የሚያወጣ፣ «ከእኔ በቀር የሚያድንህ የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥም መራቅ ነው። መርዘሙ ብቻም የጥሩነት ምልክት አይደለም፤ በየጥቂት ወሩ «ወዴት እየሄድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው ድርሻ ነው። ፍጻሜውም በስልክ መልእክት አይደረግም፤ ከወራት በፊት ተነጋግረው የሚዘጋጁለት ነገር ነው። መለየት ለብዙ ሰው የቀድሞ መለየቱን ይቀሰቅስበታልና፣ እርሱም የሕክምናው አካል ነው።

አጥቢያው ምን ማድረግ ይችላል?

በሀገራችን እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም በአዲስ አበባ ነው፤ ክፍያውም ለአብዛኛው ምእመን ይከብዳል። አንዳንዶች አሁን በስልክ ይሠራሉ፤ በውጭ ሀገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎችም በዚህ መንገድ ይገኛሉ። አጥቢያ ባለሙያ አይፈጥርም፤ ባለሙያ ጋ የደረሰውን ሰው ግን ሊያጸና ወይም ሊያሰናክል ይችላል።

ዋናው ነገር ምስጢር ነው። በመግቢያዬ የጠቀስሁትን ስብሰባ መልሼ ሳስበው፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጥን ሁሉ ያች መስመር የማን እንደ ሆነች እናውቅ ነበር። ስሟ ተጽፏል። የሄደችበት ቀን ተጽፏል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ግን ገመናዋ በሒሳብ መዝገብ ላይ ተዘርግቶ ነበር። መዝገቡ ላይ «የሕክምና መጓጓዣ፣ አንድ ሰው» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ስሙን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው።

ሁለተኛው የበጀቱ ርዝመት ነው። ለሦስት ወር ብቻ ገንዘብ ያለው ጉባኤ ጥልቅ ሕክምና ባያስጀምር ይሻላል። የተማመነን ሰው በመካከል መተው የመጀመሪያውን ቁስል መድገም ነው፤ ለሦስት ወር የሚሆን አጭር ሕክምና አለና እርሱን ይምረጥ። ለአንድ ሰው አንድ ዓመት መሸፈን ለአራት ሰው ሦስት ሦስት ወር ከመስጠት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ለሪፖርት ግን አይመችም፤ ይህን እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞች ለረጂዎቻችን ማስረዳት ይኖርብናል።

ከዚያ የቀረው መታገሥ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። በሕክምና ላይ ያለን ሰው «ተሻለህ?» እያሉ በየሳምንቱ መጠየቅ አይረዳውም። አንዳንዴም ለጊዜው የባሰበት ይመስላል፤ ዝም ይል የነበረው ይቆጣል፣ ያልለቀሰው ያለቅሳል። በዚህ ጊዜ «አየህ፣ አልጠቀመህም» ማለት ቀላል ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ወደዚያ ደብር ደግሜ ሄጄ ነበር። ከሒሳብ ሹሙ ጋር ለብቻችን በቤተ ልሔሙ አጠገብ ተቀምጠን ከላይ የጻፍሁትን፣ የለንደኑን ጥናትና የእኔንም ነገር፣ በረጅሙ ነገርኋቸው። የውሻውን ታሪክ ስነግራቸው ለመሳቅ ከጀመሩ በኋላ አቆሙ፤ እርሳቸውም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለሚመጣው ዓመት ዕቅድ ስንት ወር ልጻፍ?» አሉኝ። 12 አልኋቸው። በአሮጌው መስመር ላይ ስሟን በወፍራሙ ሰረዙና በአዲሱ ገጽ 12 ብለው ጻፉ፤ በእርሳስ።